አቅኚ አባት በይፋት፤ በአጣዬ ዙሪያ ስለ ትውልድ ቆጠራ የቀረበ ጥናት

በቀድሞው የርስት ሥርዓት፣ በሰሜን ሸዋ ደጋም ሆነ በይፋት ቁልቁለት፣ አንድ ሰው «ከዚህ መሬት ድርሻ አለኝ» ብሎ ሲነሣ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ከማን ትወለዳለህ?» የሚል ነበር። ይህም የአባቱን ስም ለማወቅ አይደለም፤ የአባቱንስ ስም መንደርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። የሚፈለገው ከራሱ ተነሥቶ፣ ስም በስም እየቆጠረ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ ሳይሰናከል መድረሱ ነው። ያ የመጨረሻው ስም «አቅኚ አባት» ይባላል። በሌላው ዓለም የቀዳሚ ሰፋሪዎች የትውልድ መዝገብ የሚባለውን ነገር በእኛ አገር ብንፈልግ ከዚህ የሚቀርብ አናገኝም፤ ልዩነቱ የእኛው መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሽማግሎች አፍ መኖሩ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ቆጠራ፣ ይልቁንም በአጣዬና በአካባቢዋ ስላለው፣ ያገኘነውንና ያሰብነውን ለአንባቢ ለማቅረብ እንሞክራለን። አጣዬ፣ በሌላ ስሟ ኤፌሶን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሸዋ ሮቢት አልፋ የምትገኝ፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የመንዝ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ቆላው እየሰፋ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከደጋ የወረደው አማራ፣ አርጎባውና የጅሌ ኦሮሞ በዚህ አገር ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ወገን ቆጠራ ብቻ ጽፎ «የአገሩ ታሪክ ይህ ነው» ማለት በሌላ ቦታ ስሕተት ብቻ ቢሆን፣ እዚህ ግን ከስሕተት የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥናቱን ስንጀምር የሠራነውን አንድ ስሕተት ብንናገር ለሌላው ተማሪ ይጠቅም ይሆናል። ደብተር ይዘን ከአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀመጥንና «አባታችን፣ ትውልድዎን እስከ አቅኚ አባት ድረስ ይቁጠሩልን» አልናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በየትኛው መሬት በኩል፣ ልጆቼ?» ሲሉ መልሰው ጠየቁን። እኛ አንድ ሰው አንድ የዘር ሐረግ ብቻ ያለው መስሎን ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ለእያንዳንዱ እርሻ የራሱ ቆጠራ ነበረው። የወንዙ ዳር ማሳ በአባታቸው አባት በኩል ይቆጠራል፤ የተራራው ሥር ደግሞ በእናታቸው እናት በኩል። መሬት ያልተገኘበት መስመር ግን ከአያት በላይ አይታወሳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትውልድ ቆጠራን እንደ ቤተ ሰብ ታሪክ ሳይሆን እንደ መሬት መዝገብ ማንበብ ጀመርን፤ የዚህም ጽሑፍ ሐሳብ ከዚያ የመነጨ ነው።

በርስት ልማድ መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ተወላጅ ናት። አባትና እናት ሁለት፣ አያቶች አራት፣ ቅድመ አያቶች ስምንት እያልን፣ ለጋብቻ እስከሚከለከለው እስከ ሰባት ቤት ብንወጣ 128 የሰው ቦታ እናገኛለን። ከዚህ ሁሉ ቆጣሪው አጥብቆ የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት መስመር ነው። አሁን ደግሞ ከአቅኚው ተነሥተን ወደ ታች እንውረድ። አንድ አቅኚ 5 ጋሻ መሬት አቀና እንበል፤ እርሱም፣ ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም እያንዳንዳቸው ለወላጅነት የሚደርሱ ሦስት ሦስት ልጆች ቢያፈሩ በሰባተኛው ትውልድ 2,187 ተወላጆች ይሆናሉ። ጋሻው 40 ሄክታር ገደማ ነውና፣ መሬቱ እኩል ቢከፈል ለአንዱ ከ1,000 ካሬ ሜትር ያነሰ ይደርሰዋል፤ ጥማድ በሬ ለማዞር እንኳ የሚያጠራጥር ነው። ይህ በስሌት ብቻ የተባለ ነው፤ በሽታና ረኃብ፣ ጦርነትና ስደት ቁጥሩን ያሳንሱታል። ቢሆንም ልማዱ ለሁሉ የፈቀደውን መሬቱ ለሁሉ ሊሰጥ እንደማይችል ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ አንዳንዱ መረሳት ነበረበት። ማን ተረሳ ቢሉ፣ በወታደርነት ወጥቶ ያልተመለሰው፣ ርቃ የተዳረችው፣ ወባ ካለበት ቆላ ወርዶ የቀረው፣ ለሙግት የሚሆን ስንቅና ጊዜ ያልነበረው ደሀ ነው። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ በእ.ኤ.አ. 1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ በሰፊው አሳይቶአል፤ እያንዳንዱ ሰው በልማድ ሊጠይቀው የሚችለው መሬት በእጁ ካለው እጅግ የበዛ ሲሆን፣ ከጥያቄዎቹ የትኛው እንደሚሳካ የሚወስነው ግን ሹመቱ፣ ዘመዱና የመሟገት ችሎታው ነበር። በሸዋ ደግሞ ከአቅኚው ተወላጆች አንዱ «አለቃ» ሆኖ የመሬቱን ግብር ሰብስቦ ያገባል፤ የቀሩት «ምንዝር» ይባላሉ። አለቃው የቆጠራው ጠባቂ ስለ ሆነ የማን ስም እንደሚጠራና የማን ስም እንደሚዘለል በእርሱ አፍ ብዙ ይወሰን ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ዛሬ ለእኛ የደረሰን ቆጠራ የአሸናፊዎች ቆጠራ ነው።

ስለ ቃሉም ጥቂት እንበል። «አቀና» ማለት ዱር መነጠረ፣ ድንጋይ ለቀመ፣ ጠማማውን አገር ለሰውና ለበሬ እንዲመች አደረገ ማለት ነው። ነገር ግን ይኸው ቃል ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ አገር ወግቶ ሲያስገብርም ይነገራል፤ የ19ኛው መቶ ዓመት የጦር ዘመቻዎች ሁሉ «አገር ማቅናት» ተብለው ተጠርተዋል። አንድ ሽማግሌ «አያታችን ይህን አቀና» ሲል ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ቃሉ አይለይም። ምናልባት ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ደን የመነጠረና ሰው ያስለቀቀ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ከአቅኚው በፊት በቦታው ማን ነበረ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው አይነሣም።

በደጋው የታወቀው ትውፊት መንዝን ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉ ሦስት ሰዎች ተካፍለው አቀኑት ይላል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የሚባሉትም በእነርሱ ስም ነው። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ብሎ በእ.ኤ.አ. 1965 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መንዝና ስለ አቅኚ አባቶቹ ጽፎአል። ከእነዚህ በኋላ የሚመጣው ነጋሲ ክርስቶስ ሲሆን፣ የሸዋ መሳፍንት ሁሉ ከእርሱ ይቆጠራሉ፤ እርሱም ዘሩን በአቤቶ ያዕቆብ በኩል ወደ አፄ ልብነ ድንግል ያደርሳል። ልጆቹ ከመንዝ እየወረዱ ይፋትን ይዘው አንኮበርን ከተማቸው አደረጉ።

የዚህ የመሳፍንት ሐረግ ለእኛ የሚጠቅመን በሌላ ምክንያት ነው፤ ዘመኑ በጽሑፍ ስለ ታወቀ እንደ መለኪያ ዘንግ ያገለግለናል። ነጋሲ፣ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኀ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ፤ አባትና ልጅ እየሆኑ ዘጠኝ ስሞች፣ ስምንት እርከኖች ናቸው። ነጋሲ የሞተው በ1695 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን አፄ ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው። 211 ዓመት ለስምንት ሲካፈል ለአንድ እርከን 26 ዓመት ይደርሳል። በዚህ ልክ የገበሬውን ቆጠራ እንመዝን። በ1967 ዓ.ም. መሬቱን ይዞ የነበረ ሰው ሰባት እርከን ወደ ላይ ቢቆጥር የሚደርሰው ወደ 1785 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ይኸውም መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ሸዋን ይገዙበት የነበረው ዘመን ነው። «አቅኚ አባቴ ከነጋሲ ጋር የመጣ ነው» የሚል ሰው ግን ከአሥር ያላነሰ እርከን ያስፈልገዋል። ሰባት ብቻ ቆጥሮ ነጋሲ ዘመን ከደረሰ፣ ወይ ሦስት ስሞች በመካከል ወድቀዋል፣ ወይ አቅኚው ከተባለው ዘመን በኋላ የመጣ ነው። የገበሬ ልጅ ከመሳፍንት ልጅ ዘግይቶ ይወልድ ይሆናል፤ ስሌቱን በጥቂቱ ያሻሽለዋል እንጂ አይሽረውም። ሽማግሌውን ግን ዋሽቶአል አንልም። ለርስት ሙግት የሚያስፈልገው አቅኚውና ከአቅኚው በታች መሬቱ የተከፈለባቸው ልጆች ናቸው፤ በመካከል አንድ ልጅ ብቻ ወርሶ ያለፈበት ትውልድ ምንም ክፍያ ስለሌለው መጥፋቱ ማንንም አይጎዳም።

ይህ ሁሉ የደጋው ወገን ቆጠራ ነው። ከእርሱ በፊት ይፋት የራሱ የዘር መዝገብ ነበረው፤ የጽሑፍ ማስረጃውም ከመንዙ ይቀድማል። የይፋት ሡልጣኖች የነበሩት ወላስማዎች ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቃሉ። በዓረብኛ የተጻፈ አንድ አጭር ዜና መዋዕል፣ በእ.ኤ.አ. 1285 የወላስማ ወገን ከእነርሱ በፊት ሸዋን ይገዙ የነበሩትን የመኽዙሚ ሡልጣኖች እንዳጠፋ ይመሰክራል። የግብጹ ጸሐፊ አል መቅሪዚም በ15ኛው መቶ ዓመት ስለ እነዚሁ ሲጽፍ ዘራቸው ከዓረብ አገር፣ ከቁረይሽ ወገን እንደሚቆጠር ይናገራል። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ፤ ወላስማዎችም ቆጠራቸውን የሚጀምሩት ከውጭ ከመጣ አንድ ታላቅ አባት ነው፤ እነርሱም ያጠፉት ሌላ ባለቤት ነበረ። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ገደማ ይፋትን ወግተው ካስገበሩ በኋላ ኃይላቸው እየቀነሰ ቢሄድም ስማቸው አልጠፋም። በእ.ኤ.አ. 1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ፣ ወላስማ መሐመድ የሚባል የቆላ ገዥ በጎንቾ ተቀምጦ የንጉሡን እስረኞች ሲጠብቅ እንዳየ ጽፎአል። የጥንቱ የሡልጣን ስም የሹመት ስም ሆኖ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ ማለት ነው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ የፈረንሳይ አጥኚዎች፣ ፎቬል፣ ኢርሽና ሸክሩን፣ በይፋት ቁልቁለት በአርጎባ አገር የጥንቱን ከተማና የወላስማዎችን መቃብር መርምረው በእ.ኤ.አ. 2017 አሳትመዋል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሟቹ ስምና የሞቱ ዘመን በዓረብኛ ተቀርጾአል። በአፍ የሚነገረው ቆጠራ እንደ ሙግቱ ሁኔታ ሲለዋወጥ ድንጋዩ ግን ከተቀረጸበት ቀን ጀምሮ አልተለወጠም፤ በዚህም ምክንያት ከመጻሕፍቱ ጋር ለማመሳከር አመቺ ሆኖአል። እኛ በበኩላችን ከአጣዬ ወደ ደቡብ ጥቂት ሰዓት የማይርቅ አገር ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩን በትምህርት ቤት ሳለን ሳንሰማ መቅረታችን ያሳዝነናል።

የጅሌ ኦሮሞ ቆጠራ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በኦሮሞ ልማድ ትውልድ የሚቆጠረው በአባት መስመር ብቻ ነው፤ ቆጠራውም የሚያርፈው በአንድ እርሻ ላይ ሳይሆን በጎሣው ላይ ነው። ከብት አርቢ ለነበረ ሕዝብ ይህ ተገቢ ነው፤ ግጦሽና ውሃ ለጎሣው እንጂ ለአንድ ሰው ልጆች የሚከፋፈል አልነበረምና። እንግዲህ አማራው «አያቴ ይህን ማሳ አቀና» ሲል፣ የጅሌው ሰው ደግሞ «ጎሣዬ በዚህ ሜዳ ይውል ነበር» ቢል፣ ሁለቱም በየራሳቸው ሚዛን እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። አንዱ መዝገብ የሌላውን ጥያቄ ለመመለስ አልተሠራም። አሕመድ ሐሰን ኡመር በ1979 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኤፍራታና ጅሌ ወረዳ ታሪክ ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ላይ ይዞ በማጥናቱ ለተከተልነው ሁሉ መንገድ ከፍቶአል።

በአባትም በእናትም መቁጠር በሚቻልበት አገር ሃይማኖትም ቢሆን ፍጹም አጥር አልነበረም። በወሎና በይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ አያት ሲቆጥሩ መስማት እንግዳ አይደለም። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ በኩል ነጋሲ ክርስቶስ ዘንድ ይደርሳሉ፤ በአባታቸው በንጉሥ ሚካኤል፣ በ1870 ዓ.ም. ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ በነበሩት በኩል፣ ወደ ወሎ ሙስሊም ባላባቶች ይሄዳሉ። በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የተከሰሱበት ነገር ከዚሁ ከሁለተኛው መስመር ጋር የተያያዘ ነበር። ሁለት መስመር መቁጠር ለገበሬ መሬት ሲያበዛለት ለአልጋ ወራሹ ግን ዙፋን አሳጣው።

በጽሑፍ ስላለው መዝገብ ብዙ የምንለው የለም። ዳዊት ያለው ቤተ ሰብ በመጽሐፉ ባዶ ገጽ የልጆቹን ክርስትና ስም ያስጽፋል፤ ሼሆች ደግሞ የዘር ሐረጋቸውን በዓረብኛ ይዘው ይገኛሉ። ነገር ግን ወረቀት በዚህ አገር ዕድሜ የለውም። ምስጡና ጭሱ ሳይቆጠር፣ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶአል።

ከውጭው ዓለም ለማነጻጸር የሚመቸን የአይስላንድ «ላንድናማቦክ» ነው። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ከ400 የሚበልጡ ቀዳሚ ሰፋሪዎችን በስም እየጠራ ማን የትኛውን ሸለቆ እንደ ያዘና ከእርሱ እነማን እንደ ተወለዱ ይዘረዝራል። የአይስላንድ አቅኚዎች ግን ከጥቂት መነኮሳት በቀር ሰው ያልነበረበት ደሴት ላይ ነው የሰፈሩ፤ «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል እዚያ ብዙ አያከራክርም። በይፋት እንዲህ ያለ ባዶ አገር በታሪክ ዘመን አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ በትውልድ ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ። አቅኚ አባት በአንድ ቀን ሥራ ፈት ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል እንዲያውም የቀድሞ ሹማምንትና ባለርስት ቤተ ሰቦች «ቢሮክራት»ና «የፊውዳል ቅሪት» እየተባሉ ይዞታቸው እንዲያንስ ስለ ተደረገ፣ ትውልዱን በድምፅ የሚቆጥር ሰው ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ይጠብቀው ነበር። በዚህ ጊዜ ብዙ ቆጠራ በዝምታ ሳይቀበር አልቀረም።

ቆጠራው ግን ከመሬቱ ተለይቶ ሌላ ሥራ አገኘ። ቀድሞ በወንድማማቾች መካከል ማሳ ለመካፈል ያገለግል የነበረው «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ አሁን በሕዝብና በሕዝብ መካከል ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰደደ፤ ከአጣዬ ከተማም ብዙው ክፍል ተቃጠለ። የግጭቱ መንሥኤ ትውልድ ቆጠራ ነው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በየወገኑ «አገሩ የእኛ ነው» ለማለት የአቅኚዎች ስም እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ እንሰማለን። የከተማዋም ነገር ያስገርማል፤ አጣዬ የከተማነት መልኳን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣርማ በርን በስቶ ወደ ደሴ በተሠራው የመኪና መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ በውስጧ ከሚኖሩት ትውልዱን የሚቆጥር ሁሉ ሁለት ሦስት ስም ሳይሄድ ከከተማዋ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ደጋ፣ አንዱ ወደ ቆላ፣ አንዱ ወደ ወሎ።

በእሳቱ ቤታቸው የጠፋባቸውና በስደት የተበተኑት ሽማግሎች ቆጠራውን የሚያውቁ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ በ1967 ዓ.ም. በርስት ሙግት ለመቆም የደረሰ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከሰባ በላይ ነው። ስለዚህ መጻፉ የሚዘገይ አይደለም። ነገር ግን ስሞቹን ብቻ ደርድሮ መጻፍ ከላይ የተናገርነውን የወገን ክርክር ማቀጣጠል ይሆናል። ከእያንዳንዱ ቆጠራ ጋር ማን እንደ ቆጠረው፣ ስለ የትኛው መሬት እንደ ተቆጠረ፣ መስመሩ በወንድ ይሁን በሴት እንደሚሄድ፣ የትኞቹ ልጆች «ወጥተው ቀሩ» እንደ ተባሉ አብሮ መጻፍ አለበት። ቆጣሪውም ስም ሲጠፋበት ከጎኑ ካለው ሰው ተቀብሎ ከሆነ ያም ሊመዘገብ ይገባል።

እኛም ከዚያ ከመጀመሪያው ስሕተታችን በኋላ በዝርዝሩ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ጨምረናል፤ «ከአቅኚ አባትዎ በፊት እዚህ ማን ነበር?» የሚል ነው። አንዳንዶቹ «ዱር ነበር» ይሉናል፤ አንዳንዶቹ የሌላ ሕዝብ ስም ይጠራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው እንደማያውቁ ተናግረው ይስቃሉ። መልሱን እንደ ተሰጠን፣ ሳቁንም ጭምር፣ በደብተሩ ላይ በራሱ አምድ እየጻፍን ነው።